የብረት መጋዙ ጥርስ

ስድስት ቦታ ብቻ ነበር የምቆርጠው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የኋላውን ግርግር ስትሰሙ ይህች ሴትዮ ፋብሪካ ልታቆም ነው እንዴ እንዳትሉኝ ነው።

አራት የብረት የውሃ ቧንቧዎች ነበሩኝ፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሜትር። ባለቤቴ የግቢውን መስመር ሊቀይር ገዝቷቸው፣ ኋላ በፕላስቲክ ሲቀየር ተርፈው አጥሩ ሥር ተኝተው ነበር። ሁለቱን ሳልነካቸው አጋድማቸዋለሁ። ሁለቱን ደግሞ አራት አራት ቦታ ከፋፍዬ ስምንት ቋሚ አወጣለሁ። አንዱን ብረት አራት ለማድረግ ሦስት ጊዜ መቁረጥ ነው፤ ለሁለቱ ስድስት። ቋሚዎቹን በሲሚንቶ እተክላለሁ፣ የተጋደሙትን ለዲሽ መትከያ በሚሸጠው ዩ ቡሎን ከቋሚዎቹ ጋር አስራለሁ። ከአባቴ ክፍል በር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ እጁን የሚያሳርፍበት ድጋፍ ይሆናል። አለቀ። ወረቀት ላይ ስስለው ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

አባቴ የወገራ ገበሬ ነው። ከጭድ ክምር ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ እዚሁ ጎንደር ታከመና ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። አጥንቱ ገጠመ፤ ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አለ። ክፍሉ ውስጥ በምርኩዝ ወዲህ ወዲያ ይላል። ግቢው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰፈራችን ዳገት ላይ ስለሆነ ግቢያችን ቁልቁል ያዘነበለ ነው፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ መጨረሻው ላይ። ዝናብ የነካው ቀን እኔም ጫማዬን አውልቄ ነው የምወርደው።

ባለቤቴ በሰሊጥ ንግድ ሳንጃ ነው የሚሰነብተው፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። አባቴ ረጅም ነው፣ አጥንተ ከባድ። እኔ ብቻዬን ልደግፈው ሞክሬ አንድ ቀን ሁለታችንም ጎመኑ ውስጥ ተቀምጠን ተገኘን። ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን፣ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት የሚሠራው ሰው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድና ማታ ሲመለስ እየገባ አባቴን አቅፎ ያደርሰው ጀመር። ደግ ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አጥቁሮ አላየሁም። አባቴ «መምህር» ይለዋል፤ መምህር አይደለሁም ቢለውም አልሰማ አለው።

ታዲያ አባቴ ውሃ መጠጣት አቆመ።

አቆምኩ ብሎ የነገረኝ የለም። ማሰሮው እንደሞላ ሲያድር ሲውል እኔ ነኝ ያስተዋልኩት። ጠዋት ጎረቤቴ ሊመጣ ሲል ትንሽ ይጎነጫል፣ ማታም እንደዚያው። መሃሉን ከንፈሩ እየደረቀ ይውላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ቀን አልፈጀብኝም፤ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት መሄድ አለበት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ደግሞ መታቀፍ አለበት። ፖፖ ገዝቼ አልጋው ሥር አኖርኩለት። አገላብጦ አየውና ሸጋ ዕቃ ነው፣ ለዶሮዎቹ ውሃ አድርጊበት አለኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ካልጠጣ ኩላሊቱ ይጎዳል ብላ ፊት ለፊቱ ነገረችው። አዎ፣ ልክ ነሽ ልጄ አላት፤ ቤት ሲመለስ ማሰሮውን ዘወር ብሎም አላየው።

ብረት የሚበይድ ባለሙያ ላመጣ ስል ነው የልቡን የተናገረው። «ሽንት ቤት የምሄድበትን መንገድ ሰው መጥቶ በሜትር ይለካው? ምነው፣ በገበያ ቀን ለምን አታስነግሪውም?» አለኝ። አንቺ ከሠራሽው ግን ሥሪው አለ። እንግዲህ እኔ ልሠራው ሆነ።

እኔ ደግሞ ማን ነኝ? ከማድ ቤቱ ጎን የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የተቃጠለ ምድጃ ፈትቼ ሽቦውን እቀጥላለሁ፣ የጃንጥላ ዘንግ አቃናለሁ፣ እጀታው የተነቀለ ድስት እጀታ አበጅለታለሁ። የሰፈሩ ሴቶች የተሰበረባቸውን ሁሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ። መዶሻ አለኝ፣ ፒንሳ አለኝ፣ ካቻቢቴ በየዓይነቱ አለኝ፤ ብረት ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ሞርሳም ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ቸንክሬአለሁ። መጋዝ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። የምጠግነው ነገር መጋዝ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን ጋራዥ የጨረሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። አያ፣ የብረት መጋዝ ፈልጌ ነበር አልኳቸው። የእጁን ነው፣ ሴጌቶውን? አሉ። አዎ አልኩ። ምን ልትቆርጭበት? አሉ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ። የአባቴ ሽንት ቤት መንገድ በገበያ ቀን እንዳይነገር አደራ አለብኝ። ስለዚህ «ብረት» አልኳቸው።

«ብረትማ ብረት ነው። ምን ብረት?»

«ወፍራም» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ቀጭን ብል የሚያሳፍር መሰለኝ።

ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ምላጭ የተገጠመበት ቀላል መጋዝ ሰጡኝ። ስትገፊው ጫን፣ ስትስቢው ለቀቅ አድርጊ፣ ሙሉ ርዝመቱን ተጠቀሚ ብለው በአየር ላይ አሳዩኝ። እኔም በአየር ላይ ደገምኩላቸው። ጎበዝ አሉኝ። በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ቁርጡ በዚያው ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

አባቴ መጋዙን እንዳየ ከተጋደመበት ቀና አለ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከክምር ከወደቀ ወዲህ አንድ ነገር አይቶ በራሱ ቀና ሲል ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። አምጪው አለና ጭኑ ላይ አጋደመው። በአውራ ጣቱ ጥርሱን ዳበሰ፤ ወደዚህ ዳበሰ፣ ወደዚያ ዳበሰ። ፊቱ ተቋጠረ።

«ይሄ ተገልብጦ ነው የተገጠመ» አለ።

እንዴት ብዬ ጠጋ አልኩ። ጥርሶቹ ሁሉ ከእጀታው ወዲያ፣ ወደ ፊት ያዩ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ስንት እርሻ እንዳጨደ እግዜር ይቁጠረው። እኔም ብሆን እስከማገባ ድረስ ከጎኑ ተሰልፌ አጭጃለሁ። ማጭድ ጥርሱ ወደ ያዘው ሰው ነው የሚያይ፤ ጨብጠህ ወደ ራስህ ስትስብ ነው የሚቆርጥ። ወዲያ የሚያይ ማጭድ ምን ሊያደርግ?

«ጥርሱ ወደ አጫጁ ነው የሚያይ» አለ አባቴ። «የከተማ ሰው ይሄን ከየት ያውቃል? ፍቺው።»

ፈታሁት። እርሱ ራሱ አዙሮ ገጠመው፣ ውጥሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ፈተሸ፣ አሁን ሸጋ ሆነ አለ። እኔም ሙሉ በሙሉ አመንኩ። አሁንም ሳስበው የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም።

ቧንቧውን ሞርሳው ላይ አጠበቅኩና ጀመርኩ። ሽማግሌው እንዳሉኝ ስገፋ ጫን፣ ስስብ ለቀቅ። መጋዙ ብረቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል። አባቴን በወንበር አምጥቼው በሩ ላይ ተቀምጧል። ቀጥ አድርጊው ይላል፣ ቀጥ አደርጋለሁ። አትቸኩዪ ይላል፣ አልቸኩልም። እጄ እስኪዝል ገፋሁ። ቧንቧው ላይ የተገኘው አንድ የሚያብለጨልጭ ጭረት ነው።

«መጋዙ ነው» አለ አባቴ።

ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌው የብረቱን ውፍረት አሳዪኝ አሉ፤ የውሃ ቧንቧ ነው ብዬ በጣቶቼ አሳየኋቸው። ተቆጡ። ይሄን ነው ወፍራም ያልሽኝ? አሉ። ከዚያ አንድ ትምህርት ሰጡኝ። መጋዝ ሲቆርጥ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ስስ ብረት ላይ ሰፊ ጥርስ ካደረግሽ ይሰነቀርና ይረግፋል፤ ለቧንቧ ጥርሱ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው አሉኝ። ደቃቁን ገዛሁ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። አባቴ አዲሱን ምላጭ ተቀበለኝ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ጥርሱን ወደ እጀታው አድርጎ ገጠመ። ሞከርኩ። ጭረቱ ትንሽ ቀጠን አለ እንጂ ያው ጭረት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጭንቅላቴ ውስጥ ተደበላልቀዋል። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሽማግሌው እንግዲህ ፍሬሙ ይሆናል፣ ሲለጠጥ ምላጩ ይላላል አሉ፤ እጀታው ሰፊ የሆነ ከባድ ፍሬም ወሰድኩ። በእርሱ ምላጩ ከመሃሉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጥንካሬው በዛ መሰለኝ። ወይስ አነሰ? ዘይት ማድረግ ነው የሚል ሰምቼ ዘይት አደረግኩ፤ የባሰ ተንሸራተተ። ሳሙና የሚልም አለ። ብረቱ ራሱ ይሆን ብዬ የአጥሩን አሮጌ ሽቦ ሞከርኩ፤ ሽቦው ተጣመመ። ሰው ምክር ሲበዛበት ይለይለታል ይባል እንጂ እኔ ምክር በጨመርኩ ቁጥር የማውቀው ይቀንስ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የሚለው ትክክል ነው፣ እቤት ስደርስ ግን ምንም ትክክል የለም።

ጎረቤቴ አንድ ማታ የቧንቧውን ጭረት አይቶ ሳቁን ዋጠ። ግራይንደር ግዢ አለኝ፤ ለስድስት ቁርጥ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም። ዲስኩ በደቂቃ ስንት ሺህ ዙር እንደሚዞር ነገረኝ፤ ዙሩ ይህን ያህል ሲሆን ብረቱ ያን ያህል እያለ ሲያስረዳኝ ራሴም አብሮ ዞረ። ፒያሳ ወስዶ ባለሱቁ እንዲያስነሣልኝ አደረገ። ማሽኑ ሲጮህ ከኋላዬ የቆመች ሴት ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ብልጭታው እስከ በሩ ድረስ ፈነጠቀ። ባለሱቁ ዲስኩ አልፎ አልፎ እንደሚሰበር፣ ሲሰበር ደግሞ ፊት ለፊት አለመቆም እንደሚሻል ረጋ ብሎ ነገረኝ። የት ልቁም ታዲያ ስለው ጎን አለኝ። በየትኛው ጎን እንደሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከርሱ ቀጥሎ ደግሞ እግር ያለው፣ ብረቱን ከላይ ወደ ታች የሚጫን ካት ኦፍ ማሽን አሳዩኝ። እርሱ ይሻላል ያለኝ ሌላ ገዢ ነው፤ ባለሱቁ ለቤት አይሆንም አለው፤ ቆመው ተከራከሩ። እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋቸው።

መብራቱም አለ። በዚያ ሰሞን መብራት ሰፈራችን በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ወይ በሚካኤል ወይ በማርያም ዕለት ነው፣ ምን እንደሚባል አላውቅም። አባቴ በበዓል ቀን ቢላዋ እንኳ አያስነካኝም። ለአባቴ ስለ ግራይንደሩ ሳወራለት፣ ድምፁ እስከ የት ይሰማል ብሎ ጠየቀኝ። እስከ አስፋልቱ አልኩት። «እኔ ሽንት ቤት ልሄድ ሰፈሩ ሁሉ ይደንግጥ?» አለ። በዚህ ተዘጋ።

ነገር ግን አንድ ሌላ ነገርም እየሆነ ነበር፤ እሱም ያደናግረኝ ነበር። አባቴ ከቁርስ በኋላ ወንበሩን ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል እንድወስድለት መጠየቅ ጀመረ። የምላጭ ኃላፊ ሆነ። የተሰበሩትን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፣ ያልተሰበሩትን ይዳብሳል፣ ይሄኛው ደነዘዘ፣ ይሄኛው ገና ነው ይላል። ማታ እራት ላይ ስለ መጋዙ ያወራል። ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ይውል የነበረው ሰው ሥራ አገኘ። ሥራው ግን የማይሠራ ሥራ ነው። መቁረጡ ባለመቻሉ ማዘን ይሁን መደሰት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ውሃ ግን አሁንም አይጠጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንዳለ ራሱ ዘምበል አለ። እጁን ብነካው ያቃጥላል። ጎረቤቴን ከሥራ አስጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ያችው ነርስ የሽንቱን ቀለም አየችና እኔን ወደ ውጭ ጠራችኝ። አሁን በመድኃኒት ይመለሳል፣ በዚህ ከቀጠለ ግን ኩላሊቱን ታጪዋለሽ አለችኝ። ቃሉን ለስለስ አላደረገችውም፤ እኔም እንድታደርገው አልፈለግኩም።

በማግስቱ መጋዙን ምላጩ እንደተገጠመበት በፌስታል ጠቅልዬ ሽማግሌው ሱቅ ሄድኩ። አደራውን አፈረስኩት። አያ፣ አባቴ ውሃ እየጠጣ አይደለም ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዳሌውን፣ ቁልቁለቱን፣ ጎረቤቴን፣ ነርሷን።  ሽማግሌው ፌስታሉን ፈቱት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ማን ገጠመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ልታጭጂበት ነው?»

 ምላጩን ፈትተው አዞሩት። ጥርሱን ከእጀታው ወዲያ፣ ወደ ፊት አድርገው አጠበቁት፤ ልክ መጀመሪያ ስገዛው እንደነበረው። ከሱቃቸው ሥር ቁራጭ ቧንቧ አወጡ፣ ሞርሳቸው ላይ አሠሩ። ገፉ፣ ሳቡ፣ ገፉ፣ ሳቡ። የብረቱ ዱቄት ባንኮኒው ላይ ይረግፍ ጀመር። እርሳቸው እንኳ ሳያለከልኩ ቁራጩ ኪሊል ብሎ ወደቀ። ከዚያ ምላጩ ላይ የተቀባች አንዲት ትንሽ ቀስት አሳዩኝ። ወደ ፊት ነው የምታመለክት። ቀስቷን እኔም አይቻት ነበር፤ የፋብሪካው ምልክት መስላኝ ነው ያለፍኳት።

ገባኝ። ስንገፋ ጫን እንድንል ተነግሮናል፤ ስንገፋ ግን ጥርሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይንሸራተታል። ሲመለስ፣ ሊነክስ በሚችልበት ሰዓት፣ እኔ እንደታዘዝኩት ለቀቅ አደርግለታለሁ። ሁለት ፍሬም፣ ስንት ምላጭ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የፒያሳው ብልጭታ፣ ሁሉም ለዚህ። መጋዙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደህና ነበር።

መደሰት ነበረብኝ። ይልቅ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

«ምነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«መልሰው እንዳመጣሁት ይግጠሙልኝ» አልኳቸው።

የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩት።  ከዚያ ምላጩን ፈቱትና ሳይገጥሙ ከፍሬሙ ጋር በፌስታል አደረጉልኝ። ይሄንን እኔ በእጄ አላደርገውም፣ ቤትሽ ሄደሽ እንደፈለግሽ አሉኝ።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ብነግረው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አይቆጣም። «አሃ» ይላል፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ክፍሉ መልሺልኝ ይላል፣ ከዚያ ግድግዳውን ማየት ይጀምራል። ባልነግረው ደግሞ ብረቱ አይቆረጥም፣ ድጋፉ አይቆምም፣ ውሃው ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። እርሱ ሳያየኝ አዙሬ ልቁረጥ ብል ምላጩን በየቀኑ የሚዳብስ ሰው ነው፤ ጣቱ ያውቃል። ጎረቤቴ ይንገረው ይሆን? እርሱ ደግሞ ጠዋትና ማታ ሲያቅፈው የኖረ ሰው ነው፤ ከእርሱ አፍ ይህን እንዲሰማ? ዳገቱን ጨርሼ በሩ ላይ ስደርስ የወሰንኩት ነገር አልነበረም። 

አባቴ ትኩሳቱ ወርዶለት ከቆርቆሮዋ ክፍል ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ፌስታሉን ሰጠሁት። ምላጩንና ፍሬሙን ለየብቻ አወጣቸው።

«ሰውዬው ምን አሉ?»

«መጋዙ ሸጋ ነው አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ዓይኔን አላሳየሁትም። ምላጩን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ወደዚህ፣ ወደዚያ። በጣም ቆየ። አንድ ዶሮ መጥታ ምርኩዙን ጫረች፣ አላባረራትም። ከዚያ ወንበሬን ከሞርሳው ማዶ አድርጊልኝ አለኝ። ማዶ? አልኩ። ማዶ፣ አንቺ ከምትቆሚበት ፊት ለፊት አለ። ወሰድኩት። ቧንቧው በመካከላችን ሆነ።

«እጀታውን አንቺ ያዢ። እኔ ጫፉን እይዛለሁ። እኔ ስስብ አንቺ ትገፊያለሽ፣ አንቺ ስትስቢ እኔ ለቀቅ አደርጋለሁ» አለ። ቀጠለና ምላጩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው። «እንግዲህ ሳቢው እኔ ከሆንኩ አጫጁ እኔ ነኝ። ጥርሱ ወደ እኔ ይይ።»

ገጠመው። ጥርሱ ወደ እርሱ አየ። ወደ እርሱ ማለት ከእኔ እጀታ ወዲያ ማለት ነው። ሽማግሌው ሱቅ ውስጥ እንደገጠሙት፣ አንድ ጥርስ ሳይዛነፍ።

አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር መሰለኝ። «ምነው ደረቅሽ? ግፊ እንጂ» አለኝ።

ገፋሁ፤ እርሱ ሳበ። ድምፁ ያን ጊዜውኑ ተለወጠ። ጩኸቱ ቀርቶ የሚበላ ድምፅ ሆነ። የብረት ዱቄት በአባቴ ጋቢ ላይ ይረግፍ ጀመር። እግሩ እንጂ ክንዱ ምን ሆነ? አጫጅ ክንድ ነው፤ ሲስብ እኔን ጭምር ነበር የሚስበኝ። ቀስ በይ፣ ዜማውን ያዢ ይለኛል። የመጀመሪያው ቋሚ መሬት ላይ ሲወድቅ ሁለታችንም አየነው። ቀጣዩን እሰሪ አለኝ። ያን ቀን አራት ቆረጥን፤ ሁለቱን በማግስቱ።

አባቴ አውቆ ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረቤቴን ነገርከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ የመጋዙን ምላጭ ልብ ብሎ አይቶት እንደማያውቅ ማለልኝ። እኔ ገበያ ሳለሁ ከተሰበሩት ምላጮች አንዱን በእጁ ይዞ የአጥሩን ሽቦ ሲሞርድ ውሎ ይሆን? ቀስቷን አይቷት ይሆን? የኔን ፊት አንብቦ ይሆን? ወይስ በእውነት እንደ ድሮው ማጭድ ብቻ ነበር ያሰበው፣ እኔ አንገቴን ስደፋ ጊዜ እግዜር ወንበሩን ማዶ አስቀመጠው? አንድ ቀን ቡሎን እያጠበቅን ሳለ፣ አባዬ፣ መጀመሪያ ለምን አልቆርጥ አለን ይመስልሃል ብዬ ዳር ዳሩን ሄድኩ።

«ብቻሽን ስለምትገፊ ነዋ» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። በእርሱ ፊት ላይ ምንም አለመኖሩ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ጉድጓዶቹን እኔ ቆፈርኩ። ከፍታውን እርሱ ለካ፤ ቆሞ ክንዱን አጥፎ፣ እዚህ ጋ አለ፣ እዚህ ጋ። ሲሚንቶውን ላቦካ ስል ቀኑን ቆጥሮ የማርያም ዕለት ነው ብሎ አስቆመኝ፤ በማግስቱ አቦካሁ። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ሳምንት ጠበቅን። አባቴ በዚያ ሳምንት ውስጥ ማንም ቋሚዎቹን እንዲነካ አልፈቀደም፤ እኔንም ጨምሮ። ከዚያ የተጋደሙትን አሠርን፤ ቡሎኖቹን እርሱ ተቀምጦ በዘይት አሻሸልኝ።

ጎረቤቴ ማታ እንደ ልማዱ ከሥራ መልስ ገባ። ቦርሳውን አስቀምጦ የሸሚዙን እጅጌ ይሰበስብ ጀመር። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ማሰሮው አለ፤ ከቀትር ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሞልቼዋለሁ።

«መምህር፣ እጅጌህን መልስ» አለው አባቴ። «ዛሬ እንግዳ ነህ። ተቀመጥ።»

ጎረቤቴ እኔን አየኝ። እኔም እርሱን። ተቀመጠ።

አባቴ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ሳናስበው ብድግ አልን። ዞሮ አላየንም። «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጥን።

የምርኩዙን ድምፅ ሰማን። ከዚያ እጁ ብረቱን ሲጨብጠው የጣት ቀለበቱን ጭረት ሰማን። አንድ እርምጃ፣ ዝም። አንድ እርምጃ፣ ዝም። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ሦስተኛው ቋሚ ላይ ቆመ። ብዙ ቆመ። ጎረቤቴ ክንዶቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ያጣምራቸዋል፣ አንዴ ይፈታቸዋል። እኔ ቡሎኑን አጥብቄው ነበር? አራተኛውን? አዎ። አምስተኛውንስ? ልነሣ አልኩ፤ ጎረቤቴ በዓይኑ ያዘኝ። እርሱም ሊነሣ ሲል በተራዬ እኔ ያዝኩት። ቀለበቱ እንደገና ብረቱን ጫረ። ወረደ። ወረደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ደርሶ ይሁን ወድቆ ከዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም።

የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር ተከፈተና ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን።

ጎረቤቴ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ሥራ እንዴት ዋለ አልኩት። ደህና ነው አለኝ። እጆቻችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን፣ በሩን እያየን ተቀመጥን።